በጀርመን የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ፦ ከዲፕሎማው እስከ መጀመሪያው ፈረቃ

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት ያለ ሰው ድጋፍ መኖር ያቃታቸው ሰዎች 5.7 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ትንበያ እንደሚለው እስከ 2049 ድረስ ከ280 ሺህ እስከ 690 ሺህ የሚደርሱ የእንክብካቤ ባለሙያዎች ይጎድላሉ። ስለዚህ «ጀርመን ነርስ ትፈልጋለች» የሚለው ወሬ እውነት ነው። ወሬው የማይናገረው፣ ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው ይህ መንገድ በደላላ የሚገዛ አለመሆኑን ነው። የሚኬደው በራስ ወረቀትና በራስ ቋንቋ ነው፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ማወቁም ብዙ ወራት ያተርፋል።

1. ማን ሊመለምልዎ እንደሚችል ይለዩ

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2010 የጤና ባለሙያዎችን ከአገር ወደ አገር ስለመመልመል የሥነ ምግባር ደንብ ተቀብለዋል። ደንቡ የባለሙያ እጥረት ካለባቸው አገሮች ሐኪሞችንና ነርሶችን ዘመቻ ከፍቶ መውሰድን ይቃወማል። ድርጅቱ በ2023 ባወጣው ዝርዝር እንዲህ ያለ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው 55 አገሮች ተጠቅሰዋል፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት።

ደንቡ በራሱ አስገዳጅ አይደለም። ጀርመን ግን በራሷ የቅጥር ሕግ ውስጥ አስገብታዋለች። በዝርዝሩ ካሉት አገሮች ለጤናና ለእንክብካቤ ሙያ ሰው መመልመልና ከአሠሪ ጋር ማገናኘት የሚችለው የፌዴራሉ የሥራ ኤጀንሲ፣ ቡንደስአገንቱር ፊዩር አርባይት፣ ብቻ ነው። የግል ድርጅት ይህን ሥራ ቢሠራ በጀርመን በኩል ሕግ ጥሷል። አዲስ አበባ ቢሮ ከፍቶ «ነርሶችን ወደ ጀርመን እንልካለን» የሚል ሰው ሲገጥምዎ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት በማን ፈቃድ እንደሚሠራ ይጠይቁ። የሚሰጥዎን መልስም ከፌዴራሉ የሥራ ኤጀንሲ ራሱ ያረጋግጡ።

ዝርዝሩ እርስዎን አያግድም። ራስዎ ማስታወቂያ ፈልገው፣ ራስዎ ለአሠሪው ጽፈው፣ ራስዎ ቢያመለክቱ ሕጋዊ ነው። ተመርቀው ሥራ ያጡ ነርሶች ባሉበት አገር ኢትዮጵያን «ነርስ የሚጎድላት» ብሎ መመዝገብ ለብዙዎች ቀልድ ይመስላል፤ ቅሬታው ይገባኛል። ቢሆንም ዝርዝሩ ለአመልካቹ አንድ ጥቅም አለው፤ አጭበርባሪውን ገና ገንዘብ ሳይከፍሉ ለመለየት ያስችላል።

ፊሊፒንስ፣ ቱኒዚያ፣ ኢንዶኔዥያና የህንዷ ኬረላ ግዛት «ትሪፕል ዊን» በሚባለው ፕሮግራም ነርሶቻቸውን በመንግሥት በኩል ይልካሉ። ስለ አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ አካሄድ ያነበቡትን ሁሉ ለእርስዎም ይሠራል ብለው አይውሰዱ።

እግረ መንገድ፦ የእንግሊዝ የእንክብካቤ ሠራተኛ ቪዛ ከውጭ ለሚያመለክቱ አዲስ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ያንን ቪዛ «አስጨርስልሃለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም።

2. ከሦስቱ በሮች የእርስዎን ይምረጡ

የሙያ ፈቃድ ያለዎት ነርስ ከሆኑ፣ በዲፕሎማም ይሁን በዲግሪ፣ መንገድዎ የሙያ እውቅና ነው። ጀርመኖች አንኤርኬኑንግ ይሉታል። የጤና ሙያ ሳይኖርዎት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቁ ከሆነ መንገድዎ አውስቢልዱንግ የሚባለው የሦስት ዓመት ሥልጠና ነው፤ እየተማሩ ይሠራሉ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮም ይከፈልዎታል። ሦስተኛው በር ረዳትነት ነው። ይህ በዋናነት ጀርመን ውስጥ ሆነው የመሥራት ፈቃድ ላገኙ ሰዎች ይጠቅማል፤ ያለ ምንም ሥልጠና በረዳትነት ብቻ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ቪዛ ማግኘት የለም ማለት ይቻላል።

ጤና መኮንን የሚባል ሙያ ጀርመን ውስጥ የለም። አዋላጅነት ደግሞ የራሱ የተለየ እውቅና አለው። እነዚህ ሁለት ሙያዎች ያላችሁ በነርስነት ከማመልከታችሁ በፊት የምክር አገልግሎቱን ጠይቁ፤ ቦን ከተማ ያለው የሙያ እውቅና ማዕከላዊ አገልግሎት፣ በምኅጻሩ ዜድ ኤስ ቤ አ፣ ከውጭ ሆነው ለሚያመለክቱ ያለ ክፍያ ይመክራል።

የነርስነት ወረቀት ያለው ሰው «ቀላሉ እሱ ነው» ተብሎ ሥልጠና ሲገባ አያለሁ። ያወቀውን ሙያ በሠልጣኝ ክፍያ ሦስት ዓመት እንደገና ይማራል ማለት ነው። እውቅናው በእርግጥ ከተከለከለ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት የሚመረጥ መንገድ አይደለም።

3. ወረቀትዎን አገር ቤት ሳሉ ያስተካክሉ

አብዛኛው መዘግየት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ጀርመን ከገቡ በኋላ ከሩቅ ማስተካከል ደግሞ እጅግ ይከብዳል።

ስም። ፓስፖርትዎ የአያትዎን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዛል። ዲፕሎማዎ ግን የእርስዎንና የአባትዎን ስም ብቻ ይዞ፣ የላቲን ፊደሉም ሌላ ሊሆን ይችላል። ለእኛ «ወልደ» በአንድም በሁለት ቃልም ቢጻፍ አንድ ነው፤ ለጀርመን ቢሮ ግን ሁለት ሰው ነው። ሁሉንም ሰነድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ልዩነት ካገኙ ሰነዱን የሰጠው ተቋም እንዲያርም ያድርጉ፤ ካልተቻለ የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያውጡ።

ዘመን አቆጣጠር። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ «ከ2008 እስከ 2012» ብሎ ዓ.ም. የሚለውን ሳይለይ ቢተረጎም ጀርመናዊው መርማሪ እንደራሱ ዘመን ያነበዋል። የሙያ ፈቃድዎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሰጠ ከሆነ ፈቃድ ሳያገኙ ነርስ ሆነው የሠሩ ያስመስልዎታል። ቀን፣ ወርና ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍ ይጠይቁ። የልደት ቀንዎንም ያረጋግጡ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት ዓመት መሆኑን የማያስተውል ጸሐፊ በየቦታው አለ።

ወጪ መጋራት። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ከሆነ ዕዳዎን ሳይጨርሱ ዋናውን ዲግሪና ይፋዊውን ትራንስክሪፕት ማግኘት ያስቸግራል። ይህን ለመጨረሻ አያቆዩት።

የትምህርት ሰዓት። ጀርመኖች የሚያነጻጽሩት በሰዓት ነው። የእነሱ የነርስነት ሥልጠና ቢያንስ 2,100 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 2,500 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይዟል። የእኛ ትራንስክሪፕት ክሬዲት ብቻ ስለሚያሳይ መርማሪው ስንት ሰዓት ሆስፒታል እንደቆሙ አያይም። ከትምህርት ክፍሉ በየዘርፉ የተከፋፈለ ደብዳቤ ያስጽፉ፦ የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ አእምሮ ሕክምና፣ የማኅበረሰብና የቤት ለቤት እንክብካቤ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዘርፎች የወሰዱት ትምህርት በሌላ ኮርስ ስም ውስጥ ተደብቆ እንደሆነ ደብዳቤው ያውጣው።

የሥራ ልምድ። ደብዳቤው «በነርስነት አገልግለዋል» ብቻ ካለ ብዙም አይጠቅምም። የትኛው ክፍል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ምን ምን ሥራ የሚለውን ይዘርዝር። የጎደለ የትምህርት ሰዓት በሥራ ልምድ ሊካካስ ስለሚችል ይህ ወረቀት ከሚገመተው በላይ ዋጋ አለው።

ቶሎ የሚያረጁ ሰነዶችን፣ ማለትም የጤና ምርመራውን፣ ከወንጀል ነጻ መሆንዎን የሚገልጸውንና ጉድ ስታንዲንግ የሚባለውን የሙያ ማረጋገጫ፣ በመጨረሻ ያውጡ፤ ከሦስት ወር በላይ የቆየውን ብዙ ጊዜ አይቀበሉም። ትርጉም የሚሠራውም ሁሉም ከታረመ በኋላ ነው። ዋናውን ሰነድ በፖስታ አይላኩ፤ የሚጠየቀው የተረጋገጠ ቅጂ ነው።

4. ማመልከቻው

ጀርመን 16 ፌዴራል ግዛቶች አሏት፤ የነርስነት እውቅና የሚሰጠው በየግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው። የሚያመለክቱት ሊሠሩበት ባሰቡበት ግዛት ነው፤ ስለዚህ አሠሪ አስቀድሞ ማግኘት ሥራውን ያቀልላል።

ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ነርስ በመጀመሪያው መልስ ሙሉ እውቅና ማግኘቱ ብርቅ ነው። የሚመጣልዎ ዴፊዚትበሻይት የሚባል፣ የጎደለውን የሚዘረዝር ውሳኔ ነው። ይህን ደብዳቤ እንደ ክልከላ አንብበው የተዉ ሰዎች አሉ። ክልከላ አይደለም፤ እንዲያውም ወደ ጀርመን ገብተው የጎደለውን እንዲያሟሉ ቪዛ የሚያስገኘው ይህ ወረቀት ነው።

የማሟያው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው አንፓሱንግስሌርጋንግ የሚባል የማስተካከያ ኮርስ ሲሆን የጎደለውን ዘርፍ እየሠሩ ይማራሉ። ሁለተኛው ኬንትኒስፕሩፉንግ የሚባል ፈተና ነው፤ የቃልና የተግባር ክፍል አለው፣ ያልታለፈው ክፍል የሚደገመውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጎዶሎው ጥቂት ከሆነና ጀርመንኛዎ ገና ካልጠነከረ ኮርሱ ይሻላል። በቃል ፈተና መልስ ማደራጀት የማይከብድዎ ከሆነ ፈተናው ያሳጥራል። አሁን ደግሞ ዝርዝር የሰነድ ንጽጽሩን በፈቃድዎ ትተው በቀጥታ ወደ አንዱ መግባት ይቻላል፤ የተማሩበት ተቋም የሰዓት ዝርዝር ሊሰጥዎ ካልቻለ ይህን አማራጭ ይጠይቁ።

የኤምባሲ ቀጠሮ ረጅም ወረፋ ካለው አሠሪው የተፋጠነውን የባለሙያ አሠራር እንዲጀምር ይንገሩት። ውክልና ሰጥተውት ጀርመን ውስጥ ለውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ያመለክታል፣ 411 ዩሮ ይከፈላል፣ መሥሪያ ቤቶቹም በተወሰነ ጊዜ መልስ የመስጠት ግዴታ ይገባሉ። ብዙ ትንንሽ የእንክብካቤ ተቋማት ይህን አያውቁትም፤ ቢነግሯቸው አይከፋቸውም።

ዕድሜዎ ከ45 በላይ ከሆነ እና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ የሚሄዱ ከሆነ ከፍ ያለ የደመወዝ ወለል ወይም በቂ የጡረታ ዋስትና ይጠየቃሉ። ወለሉ በየዓመቱ ስለሚቀየር በተቀጠሩበት ዓመት ያለውን ይመልከቱ።

5. ቋንቋ

ለነርስነት ፈቃድ የሚጠየቀው ቢ2 ደረጃ ነው። አዲስ አበባ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ያስተምራል፣ ይፈትናልም። ከዜሮ ተነሥቶ ቢ2 ለመድረስ ከ600 እስከ 800 የትምህርት ክፍለ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ተቋሙ ይገምታል። «በሦስት ወር ቢ2» የሚል ማስታወቂያ ይህን ቁጥር ያላየ ነው።

ፈተናውን ማለፍና ፈረቃ መረከብ ይለያያሉ። ዩበርጋበ በሚባለው ርክክብ ላይ ተረኛዋ ስለ ሃያ ሰው በፍጥነት ትናገራለች፣ ግማሹን በምኅጻረ ቃል። ስለዚህ ከሰዋስው ጎን ለጎን ሦስት ነገር ይለማመዱ፦ ስልክ አንሥቶ ለሐኪም ሁኔታ ማስረዳት፣ አምስት መስመር የእንክብካቤ ሪፖርት መጻፍ፣ ያልሰሙትን ያለ ሐፍረት ማስደገም። የገባው መስሎ ራሱን የነቀነቀ ሰው የሌላ ሰው መድኃኒት ሊሰጥ ይችላል።

6. ሥራው ምን ይመስላል?

እኛ አገር ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰውና የሚያገላብጠው አስታማሚው ነው፤ ቤተሰብ። ነርሷ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ካኑላ ታስገባለች፣ ትመዘግባለች። ጀርመን ውስጥ ግን ግሩንትፕፍሌገ የሚባለው የሰውነት እንክብካቤ፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መመገብ፣ መጸዳጃ ማድረስ፣ የነርሷ የራሷ የሙያ ሥራ ነው። ካኑላ ማስገባት ደግሞ ባብዛኛው የሐኪም ሥራ ነው። ዲግሪ ይዘው የሄዱ ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት «ያስተማሩኝን አላሠሩኝም፣ የቤት ሠራተኛ አደረጉኝ» ይላሉ። ይህን አስቀድመው ካወቁ ቅሬታው ይቀንሳል።

ማጠብ ራሱ ምርመራ ነው። የቆዳውን መቅላት፣ የእግሩን እብጠት፣ ትናንት ያልነበረውን ትንፋሽ ማጠር የሚያየው ያጠበው ሰው ነው። የአልጋ ቁስል የሚያዘው ቆዳው ሳይቆረስ ገና ሲቀላ ነው፤ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቅላት ካዩ ያንኑ ሰዓት ይመዝግቡ።

መመዝገቡ ሌላው የሥራው ግማሽ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1995 የእንክብካቤ መድን አቋቁማለች፤ ከደመወዝ በሚቆረጥ መዋጮ የሚሠራ ነው፣ ከእርስዎም ይቆረጣል። ከ2017 ጀምሮ ተገልጋዩ ከአንድ እስከ አምስት ባለው የእንክብካቤ ደረጃ ይመደባል፤ ድጋፉ የሚሰላው በዚያ ነው። ባልተመዘገበ ሥራ ተቋሙ ተጠያቂ ይሆናል፣ አዛውንቱም ከሚገባቸው ደረጃ ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። «ደህና አደሩ» የሚል ሪፖርት አይበቃም። ስንት ሰዓት ተነሡ፣ በማን ድጋፍ ተራመዱ፣ ከምሳው ምን ያህሉን በሉ?

አንድ ወጥመድ በተለይ ላንሣ። አዛውንቱ እንዳይወድቁ ብሎ የአልጋውን ግራና ቀኝ መከላከያ ማንሣት፣ ወይም ወንበር ላይ በቀበቶ ማሰር፣ እኛ ዘንድ እንደ ደግነት ይታያል። በጀርመን ሕግ ግን ሰውየው ራሳቸው ካልፈቀዱ ይህ ነጻነትን መንፈግ ነው፤ አዘውትሮ ለማድረግ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ለጥንቃቄ ብለው በራስዎ ውሳኔ አያድርጉት፤ አልጋውን ዝቅ ያድርጉ፣ ከጎኑ ፍራሽ ያንጥፉ፣ ለኃላፊዋ ያሳውቁ።

አክብሮቱ ለእኛ አይቸግርም፤ አካሄዱ ግን የተለየ ነው። አዛውንቶችን «እማማ» «አባባ» አይበሉ። በቤተሰብ ስማቸው፣ ፍራው ወይም ሄር ብለው፣ በአንቱታው ዚ ይጥሯቸው። በር ያንኳኩ፤ ከመንካትዎ በፊት ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ይናገሩ።

7. ውሉን ሲያነቡ

በእንክብካቤ ተቋማት የሚከፈለው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በሕግ ተወስኗል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 የተደነገገው ለረዳት 16.10፣ ሥልጠና ላለው ረዳት 17.35፣ ለሙሉ ባለሙያ 20.50 ዩሮ ነው፤ ወለሉ በየጊዜው ይከለሳል። እውቅናው እስኪያልቅ የሚከፈልዎ እንደ ረዳት ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ የሙያ ፈቃዱ በእጅዎ ከገባበት ቀን ጀምሮ ደመወዝዎ ወደ ባለሙያ ደረጃ እንደሚያድግ በግልጽ ይጻፍ። ግብርና መዋጮ ከተቆረጠ በኋላ ብቻውን የሚኖር ሰው እጁ የሚገባው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ነው፤ ኪራዩን በዚያ ያስሉ።

«ከሁለት ዓመት በፊት ከለቀቁ ያወጣነውን ይመልሳሉ» የሚለውን አንቀጽ ሳያልፉ ያንብቡ። የትኛው ወጪ፣ ስንት ዩሮ፣ በየወሩ እየቀነሰ ነው ወይስ አይደለም? ቁጥር የሌለበትን አይፈርሙ። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ጉዞ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪን የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። በሠራተኛው ላይ የጣለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የልደት ሰነድ ያለውን ነው።

ጀርመን ውስጥ ላላችሁም አንድ ነገር። አንድ አዛውንት ቤት አብሮ እየኖሩ «24 ሰዓት» መንከባከብ የሚባል ሥራ አለ፤ ውሉ ላይ በሳምንት 30 ሰዓት ተብሎ ሌሊቱም ይጨመርበታል። የፌዴራሉ የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2021 ከቡልጋሪያ በመጣች ተንከባካቢ ጉዳይ፣ በተጠንቀቅ የሚያድሩበት ሰዓትም ዝቅተኛው ደመወዝ ሊከፈልበት እንደሚገባ ወስኗል። የተነሡበትን ሌሊት ሁሉ በቀንና በሰዓት በማስታወሻ ይያዙ። ጥያቄ ሲኖርዎ «ፋይሬ ኢንተግራሲዮን» የተባለው የምክር መረብ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጡ ሠራተኞች በነጻ ያማክራል።

8. የጡረታ መዝገብዎ

ጀርመን ከፊሊፒንስ፣ ከቱኒዚያና ከሞሮኮ ጋር የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት አላት፤ ከኢትዮጵያ ጋር የላትም። ስለዚህ አገር ቤት በመንግሥት ሆስፒታል ያገለገሉባቸው ዓመታት ከጀርመኑ ጋር አይደመሩም። ጀርመን ውስጥ 60 ወር ከከፈሉ የጡረታ መብት ያገኛሉ፤ ኢትዮጵያ ተመልሰው ቢኖሩም ይከፈልዎታል። ከዚያ በፊት ለቀው ከወጡ፣ ከ24 ወር በኋላ ከራስዎ ደመወዝ የተቆረጠውን ድርሻ እንዲመለስልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ የአሠሪው ድርሻ አይመለስም፣ ገንዘቡን አንዴ ከወሰዱ ደግሞ የእነዚያ ዓመታት መብት ሁሉ ይሰረዛል። 50 ወር የሠራ ሰው ጥቂት ወራት ጨምሮ 60 ማድረስ ከቻለ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው እሱ ነው።

አሠሪው በየዓመቱ ለማኅበራዊ ዋስትና ያስመዘገበውን ደመወዝ የሚያሳይ ወረቀት ይሰጥዎታል። ከደመወዝ ደረሰኞችዎ ጋር ያስተያዩትና በአንድ ፋይል ያስቀምጡት፤ የጎደለ ወር ካገኙ ያኔውኑ ለጡረታ መድኑ ያሳውቁ።